ባህሪው ምን እያለ ነው? ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆችና ጎረምሶች ለመደገፍ የሚረዳ አሠራር

ታብሌት ሲወሰድበት ጭንቅላቱን ከወለል ጋር የሚያጋጭ የ6 ዓመት ልጅ አለ እንበል። ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። ቤተሰቡ ያልሞከረው ነገር የለም። ተቆጣ፣ አባበለ፣ ለመነ፣ ችላ አለ። በመጨረሻ ጨነቀውና ታብሌቱን መለሰለት። ልጁም ወዲያው ዝም አለ። በማግስቱ ያው ታሪክ ተደገመ፤ እንዲያውም ባሰ።

ይህን ልጅ መንገዳችንን ይዘነው እንሂድ። የፈጠርኩት ልጅ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል።

ልጁ ባለጌ አይደለም። ቤተሰቡም ደካማ አይደለም። ልጁ አንድ ነገር ተምሯል፦ ጭንቅላቴን ሳጋጭ ይሰሙኛል። ቤተሰቡም ተምሯል፦ ስንሰጠው ዝም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጣጣውም ይኸው ነው። የባህሪ ድጋፍ የሚባለው ሥራ ይህን ውል ፈትቶ ሌላ፣ ማንንም የማይጎዳ ውል መግባት ነው።

ምኑን እንቀይር? ምኑን እንተው?

እጅ ማርገብገብ፣ መወዛወዝ፣ አሻንጉሊት በሰልፍ መደርደር፣ አንድን ቃል መደጋገም ማንንም ካልጎዳ ተዉት። ብዙ ልጆች የሚረጋጉት በዚህ ነው። አገጭ ይዞ እያዞሩ «ዓይኔን እይ» ማለትም ይቅር። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች የሰው ዓይን ማየት እንደሚያስጨንቃቸው፣ ሳያዩ ደግሞ የተሻለ እንደሚያዳምጡ ይናገራሉ።

ልንቀይረው የሚገባን ልጁን ወይም ሌላውን ሰው የሚጎዳውን፣ ከመማር የሚያግደውን፣ ወይም እሱ ራሱ የሚወደውን ነገር የሚያሳጣውን ነው። «ሰው ፊት አሳፈረን» የሚለው ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ይህን ጠንከር አድርጌ የምለው የሙያው ታሪክ ንጹሕ ስላልሆነ ነው። ኢቫር ሎቫስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው ጥናት ኤቢኤ የሚባለውን የባህሪ ቴራፒ በዓለም አሳወቀው። 19 ትንንሽ ልጆች በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ሠልጥነው 9ኙ እንደ ማንኛውም ልጅ በመደበኛ ክፍል መማር ቻሉ ተባለ። ወላጆች ዛሬም «40 ሰዓት ካልሆነ» ሲባሉ የሚሰሙት ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው። ልጆቹ ግን ብዙ ሥልጠና በሚያገኘውና በማያገኘው ቡድን በዕጣ ስላልተመደቡ ውጤቱን በሙሉ ማመን ይከብዳል። በዚያ ላይ መጮህና ጭን ላይ መምታት የአሠራሩ አካል ነበር። ዛሬ ጥሩ ባለሙያ አይመታም፣ ትንሽ ልጅንም ጠረጴዛ ፊት ቀኑን ሙሉ አያስቀምጥም። በጨዋታ መሃል ያስተምራል። ለምሳሌ ሳሊ ሮጀርስና ጀራልዲን ዶውሰን የቀረጹት የዴንቨር ሞዴል ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተሠራ ሲሆን መሣሪያው ጨዋታና የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው።

መጀመሪያ ሰውነቱን መርምሩ

መናገር የማይችል ልጅ ጥርሱን ሲያመው ምን ያደርጋል? ራሱን ይመታል። ጆሮው ሲመረቅዝም፣ ሆዱ ሲደርቅም፣ ቃር ሲያቃጥለውም፣ እንቅልፍ ሲያጣም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ ደግሞ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው በብዛት ይታያል። በጉርምስና ላይ ያለች ልጅ በየወሩ ለጥቂት ቀናት የምትለወጥ ከሆነ የወር አበባ ሕመም ይሆናል።

ባህሪው ድንገት ከመጣ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባሰ ከቴራፒስት በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። ለጥርስ ሕመም የሽልማት ሠንጠረዥ መሥራት ግፍ ነው።

አንድ ባህሪ ምረጡ፣ ካሜራ እንደሚያየው ጻፉት

አምስት ነገር በአንዴ ልቀይር ያለ አንዱንም አይቀይርም። በጣም የሚጎዳውን አንዱን ያዙ።

ቀጥሎ በቃላት ግለጹት። «ይበሳጫል»፣ «ያስቸግራል»፣ «እልኸኛ ነው» አይሠራም። ሁለት ሰዎች ልጁን ለየብቻ ቢመለከቱ ተመሳሳይ ቁጥር መቁጠር መቻል አለባቸው። ስለዚህ ለልጃችን «ጭንቅላቱን ከወለል፣ ከግድግዳ ወይም ከዕቃ ጋር ያጋጫል» ብለን እንጽፋለን። ማልቀሱን ለብቻው እንቆጥራለን፤ ማልቀስ ሌላ፣ ማጋጨት ሌላ ነው።

ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ መዝግቡ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። ትዕግሥት ያልቃል፤ ቶሎ አንድ ነገር ማድረግ ያሰኛል። የምትዘሉት ከሆነ ግን የሚቀጥለው ሁሉ ግምት ይሆናል።

ደብተር ወይም ስልክ ይበቃል። ባህሪው በታየ ቁጥር አራት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱንና ቦታውን፣ ልክ ከዚያ በፊት የሆነውን፣ ልጁ ያደረገውን፣ ልክ ከዚያ በኋላ የሆነውን። ለምሳሌ፦

ሰኞ 11፡20፣ ሳሎን። እናቱ «በቃ» ብላ ታብሌቱን ወሰደች። 4 ጊዜ አጋጨ። መለሰችለት፤ አቆመ።

ማክሰኞ 2፡00፣ መኝታ ቤት። አባቱ ልብስ እያለበሰው ነበር። አለቀሰ፤ አላጋጨም። ለብሶ ወጣ።

ማክሰኞ 11፡45፣ ሳሎን። የታብሌቱ ቻርጅ አለቀ። 6 ጊዜ አጋጨ። እህቱ ስልኳን ሰጠችው፤ አቆመ።

በሦስት መስመር ብቻ አንድ ነገር ብቅ አለ አይደል? ባህሪው ያልታየባቸውን ጊዜያትም አስታውሱ። ከአያቱ ጋር ሲሆን ለምን አያጋጭም? አንዳንዴ መልሱ እዚያ ተቀምጧል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። «ልክ ከዚያ በፊት» የሚለው ሁልጊዜ እውነተኛው ምክንያት አይደለም። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ፣ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ በጩኸት የተጨናነቀ ልጅ ማታ በትንሽ ነገር ይፈነዳል። ስለዚህ በየቀኑ ገጽ አናት ላይ እንቅልፉንና ከወትሮው የተለየ ነገር ካለ እሱን ጻፉ።

ባህሪው ምን ያመጣለታል?

አብዛኛው አስቸጋሪ ባህሪ ከአራት አንዱን ያመጣል። የሰው ትኩረት። የሚፈልገው ዕቃ ወይም ሥራ። ከማይፈልገው ነገር ማምለጫ። ወይም ስሜቱ ራሱ፣ ማለትም ማንም ሰው ባይኖርም ሰውነቱ የሚያገኘው ነገር። ብራያን አይዋታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆችን በተለያየ ሁኔታ ውስጥ እያስቀመጡ ሲመለከቱ፣ የሚታየው ጉዳት አንድ ዓይነት ሆኖ ምክንያቱ ከልጅ ልጅ እንደሚለያይ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የሙያው ጥያቄ «ምን ያደርጋል?» ከሚለው ወደ «ለምን ያደርጋል?» ዞረ።

ልዩነቱ ለምን አስፈለገ? ትምህርት የሰለቸው ልጅ ደብተር ሲቀድ አስተማሪው ከክፍል ያስወጣዋል እንበል። አስተማሪው ቀጣሁት ብሎ ያስባል። ልጁ ግን ሊወጣ ነበር የፈለገው፤ ወጣ። ነገ ሁለት ደብተር ይቀዳል። ያው ቅጣት ትኩረት ለሚፈልግ ልጅ ሌላ ውጤት ሊኖረው ይችላል።

የልጃችን መዝገብ የሚያሳየው ግልጽ ነው፦ ታብሌቱን ለማስመለስ ነው። ልብስ መልበስ ባይወድም አያጋጭም፤ ስለዚህ ማምለጥ ዋናው ምክንያት አይደለም። የእናንተ መዝገብ ሁለት ምክንያት ካሳየ አትደነቁ፤ ይደባለቃል።

ከመፈንዳቱ በፊት ያለውን አስተካክሉ

ግማሹ ሥራ እዚህ ነው፤ ርካሹም ይኸው ነው። ታብሌት ድንገት ሲነጠቅ ማንም ይናደዳል። እናንተስ ፊልም መጨረሻው ላይ ሲዘጋባችሁ?

ለልጃችን እንዲህ እናድርግ። ታብሌቱን ስንሰጠው የሚታይ ሰዓት ቆጣሪ አጠገቡ እናስቀምጣለን፤ ቀዩ ቀለም እያለቀ የሚሄድ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው። ጊዜ በዓይን ይታያል። ሁለት ደቂቃ ሲቀር አንዴ በአጭሩ እንነግረዋለን። ቪዲዮው መሃል ላይ ሳይሆን ሲያልቅ እንዲቆም እናደርጋለን። ከታብሌት በኋላ የሚመጣው የሚጠላው ነገር እንዳይሆን እንጠነቀቃለን፤ መሃል ላይ የሚወደውን መጫወቻ እናስገባለን።

ከዚያ በሥዕል የተሠራ የቀን ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ኤሪክ ሾፕለር በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የመሠረተው ቲች የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፦ ንግግር ይጠፋል፣ ሥዕል ግን እዚያው ይቆያል። ለትንሽ ልጅ ሁለት ሥዕል ይበቃል፦ «መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ውጭ መጫወት»። የሚወደው ነገር የማይወደውን ይጎትታል።

ቃላችሁንም ቀንሱ። «ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ፣ አሁን እንሄዳለን ብዬህ አልነበረም እንዴ» ከማለት «ጫማ» በሉና አምስት አስር ሰከንድ ጠብቁ። ያ ዝምታ ይከብዳል፤ ግን ልጁ እያሰበ ነው። ሌላ ቃል ስትጨምሩ ከመጀመሪያው ታስጀምሩታላችሁ።

ሌላ መንገድ አስተምሩት

ይህን ካልሠራችሁ ሌላው ሁሉ ጊዜያዊ ነው። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳዩት ነገር ቀላል ይመስላል፦ ልጁ በባህሪው የሚያገኘውን ያንኑ ነገር በሌላ፣ ሰው በሚገባው መንገድ እንዲጠይቅ ስታስተምሩት ባህሪው ይቀንሳል። ምስጢሩ ምትኩ ከባህሪው የቀለለና የፈጠነ መሆኑ ላይ ነው። ጭንቅላት ማጋጨት በሦስት ሰከንድ ታብሌት የሚያመጣ ከሆነ፣ «እባክሽ እማዬ ታብሌቱን ስጪኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስተማር አያዋጣም። አንድ ካርድ ማቀበል ግን ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታብሌት ፎቶ ያለበት ካርድ አዘጋጁ። ልጁ የተረጋጋበት ሰዓት ምረጡ፤ ከፈነዳ በኋላ አይደለም። ሁለት ሰው ካለ ጥሩ ነው። አንዱ ታብሌቱን ይዞ ከፊቱ ይቀመጣል፣ አይናገርም። ሁለተኛው ከኋላው ሆኖ፣ ልጁ ወደ ታብሌቱ እጁን ሲዘረጋ፣ ካርዱን አንስቶ እንዲያቀብል እጁን በቀስታ ይመራዋል። ካርዱ እጃችሁ ላይ እንዳረፈ «ታብሌት!» ብላችሁ ወዲያው ስጡት። ለአንድ ደቂቃ ይጫወት፤ ከዚያ ድገሙት። በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ፣ በአጭር በአጭሩ። በየጊዜው እጁን መምራት እየቀነሳችሁ ሂዱ። እጁን መያዝ የሚጠላ ከሆነ አትያዙ፤ አሳዩት፣ ወይም ካርዱን ወደ እሱ አቅርቡለት። አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመሩት ፔክስ የሚባለው የሥዕል ልውውጥ ዘዴ በዚህ ዓይነት እርምጃ ይጀምራል።

መጀመሪያ ላይ በጠየቀ ቁጥር ስጡት። አዎ፣ በቀን 30 ጊዜ ቢጠይቅም። ካርዱ እንደሚሠራ ማመን አለበት። ለሳምንት ያህል ሲያስተማምን ብቻ «ጠብቅ» የሚል ሌላ ካርድ ታስገባላችሁ፤ መጀመሪያ ለ5 ሰከንድ፣ ቀጥሎ ለ15፣ ከዚያ ለደቂቃ። በቀጥታ «አሁን የለም» ማለት የጀመረ ቤተሰብ ሁለት ሳምንት የለፋበትን በአንድ ማታ ያፈርሰዋል።

«ካርድ ከለመደ መናገር አይተው ይሆን?» የሚል ስጋት ሁሌ ይነሳል። አይተውም። ካርድም ሆነ የሚናገር መሣሪያ ንግግርን አያዘገይም፤ አንዳንድ ልጆች እንዲያውም ቃል የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉም ምትኮች አንደኛ አድርጌ የማስቀምጠው «በቃኝ» ወይም «ዕረፍት» የሚለውን ነው። ከትምህርት ለማምለጥ የሚማታ ልጅ ዕረፍት መጠየቅ ሲማርና ሲከበርለት የሚመጣው ለውጥ ያስገርማል።

ሲፈነዳ ምን እናድርግ?

አሮጌው መንገድ መክፈሉን ያቁም፣ አዲሱ ደግሞ ይክፈል። ማለትም ማጋጨት ታብሌት አያመጣም፤ ካርዱ ግን ያመጣል። እዚህ ላይ የሚመጣውን ካላወቃችሁ ትሸነፋላችሁ፦ አሮጌው መንገድ ሲዘጋ ባህሪው ከመቀነሱ በፊት ሊብስ ይችላል። ሊፍት አልመጣ ሲል ቁልፉን ደጋግመን እንደምንጫነው ነው። በሦስተኛው ቀን ተሸንፎ የሰጠ ሰው ልጁን «ጠንክረህ አጋጭ» ብሎ አስተማረው። ስለዚህ እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሞግዚት አንድ ካልሆኑ አትጀምሩ።

ራሱን ክፉኛ የሚጎዳ ልጅ ሲሆን ግን «ችላ በሉት» የሚለውን ምክር በቤት ውስጥ ብቻችሁን አትሞክሩት። ያ የባለሙያ ሥራ ነው። እስከዚያ ትራስ ከጭንቅላቱ ሥር አስገቡ፣ ሹል ነገር አርቁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ብዙ አታውሩ።

ደግሞ ሁለት ነገር እንለይ። አንዱ ልጅ እያለቀሰ በጣቱ መሃል ያያችኋል፤ የሚፈልገው አለ። ሌላው ግን ሞልቶ ፈስሷል፤ ጩኸቱ፣ መብራቱ፣ ሰዉ በዝቶበታል፤ የፈለገውን ብትሰጡትም አይቆምም። ለሁለተኛው ማስተማሪያ ሰዓት አይደለም። መብራት ቀንሱ፣ ሰው አስወጡ፣ የጆሮ መሸፈኛውን ስጡት፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ሲያልፍ ደክሞት ሊተኛ ይችላል። ተዉት ይተኛ። ወቀሳ አያስፈልግም።

ሽልማትን በተመለከተ፦ በሰከንዶች ውስጥ ይሁን፤ እሱ የሚወደው እንጂ እናንተ ይወዳል ብላችሁ የምታስቡት አይሁን። አንዳንድ ልጅ «ጎበዝ!» ተብሎ ሲጨበጨብለት ጆሮውን ይይዛል። ለእሱ ጭብጨባ ቅጣት ነው።

ራስን መቻል በትንሽ በትንሹ

እጅ መታጠብ ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ሲቆጠር ግን ስምንት ወይም አስር ነው። ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና... ራሳችሁ እየሠራችሁ ጻፉት። ከዚያ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል፦ ሁሉንም አብራችሁት ሠርታችሁ ፎጣውን መስቀል ብቻ ለእሱ ተዉለት። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ይሆናል። ሲችል ከመጨረሻው ሁለተኛውን ጨምሩ። ጥርስ መቦረሽም፣ ልብስ መልበስም በዚሁ ይሄዳል።

ጎረምሳ ሲሆን

የ6 ዓመት ልጅን ከፍ አድርጎ ማንሳት ይቻላል፤ የ15 ዓመቱን ግን አይቻልም። ጉልበት ላይ የቆመ አሠራር በዚያ ዕድሜ ይፈርሳል። ኮከብ የሚለጠፍበት ሠንጠረዥም ያዋርደዋል።

ከጎረምሳ ጋር የምትሠሩት በስምምነት ነው። «ምን ያስቸግርሃል? ምን መቻል ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መናገር ካልቻለ ምርጫዎችን በሥዕል አሳዩት። ራሱን የሚከታተልበት ዝርዝር ስልኩ ላይ ይኑረው፤ ምልክት የሚያደርገው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ብዙ ጎረምሶች ላይ ከባህሪው ጀርባ ጭንቀት አለ። ለሚናገሩትና ስለ ስሜታቸው ማሰብ ለሚችሉት ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያክመው ሲቢቲ ለእነሱ ተስተካክሎ ሲሰጥ ጭንቀትን ይቀንሳል፤ ማስተካከል ማለት በሥዕል ማገዝ፣ የሚወደውን ርዕስ ማስገባት፣ ወላጅን ማሳተፍ ነው።

አንዳንዱ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ «ደህና» ውሎ ቤት ሲገባ ይፈነዳል። ብልግና እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲደብቅ ውሎ ነው። ከትምህርት መልስ ለአንድ ሰዓት ጥያቄ አትጠይቁት፣ ትእዛዝም አትስጡት።

ስለ ገላ ማውራት ያሳፍራል፤ ግን ዝም ማለት የባሰ ዋጋ ያስከፍላል። ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ጀምሩ። የአካል ክፍሎችን በትክክለኛ ስማቸው ጥሩ። የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ቦታ በሥዕል አሳዩ፤ ራስን በራስ መንካት በሩ በተዘጋ የራስ ክፍል ብቻ መሆኑን ያለ ቁጣ፣ ያለ ማሳፈር ንገሩት። የ5 ዓመት ልጅ ሆኖ ያገኘውን ሰው ሁሉ ማቀፉ ደስ ይል ነበር፤ በ15 ዓመቱ ግን ችግር ያመጣበታል። ስለዚህ ሰላምታውን ቀደም ብላችሁ ወደ መጨባበጥ አሸጋግሩት።

እየሠራ ነው?

መመዝገቡ እንዳይቆም። በሳምንት ስንት ጊዜ አጋጨ? ካርዱን ስንት ጊዜ ራሱ አነሳ? በሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ ልጁ «አልገባው» ብላችሁ አትደምድሙ። ወይ ምክንያቱን ተሳስተናል፣ ወይ ካርዱ ይከብደዋል፣ ወይ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በድብቅ እየሰጠው ነው። (ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው።)

ወላጅ ይህን መሥራት ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ የ180 ልጆች ወላጆች በሁለት ተከፍለው ለ24 ሳምንት ተከታተሉ። አንዱ ወገን ስለ ኦቲዝም መረጃ ብቻ፣ ሌላው ባህሪን የመምራት ሥልጠና አገኘ። በሁለቱም ቤት ረብሻው ቀነሰ፤ በሠለጠኑት ቤት ግን የበለጠ ቀነሰ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከኦቲዝም ጋር ለሚመጣ ኃይለኛ ንዴት ሪስፔሪዶንን እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሪፒፕራዞልን እ.ኤ.አ. በ2009 ፈቅዷል። ንዴቱን ሊያበርዱ ይችላሉ፤ ኦቲዝምን ግን አያክሙም። ክብደት ይጨምራሉ፣ ክትትልም ይፈልጋሉ። ውሳኔው ከሐኪም ጋር ነው።

ቴራፒስት የምትቀጥሩ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ነገር ጠይቁ። ግቡን የሚያወጣው ማነው? ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ማየት እችላለሁ? እኔንስ ታሠለጥኑኛላችሁ? እጁን ማርገብገቡን ታስቆማላችሁ? በመጨረሻም፦ ልጄ «እምቢ» ሲል ምን ታደርጋላችሁ? «እስኪታዘዝ እንይዘዋለን» ካሏችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ማንም ቢነካው እንዲታዘዝ የሠለጠነ ልጅ፣ ክፉ ሰው ሲነካውም ይታዘዛል።